ወሰን ላይ የሚቆም ፈቃድ፦ የአሜሪካ ነርሶች የሙያ ምዝገባና ከክፍለ ግዛት ወደ ክፍለ ግዛት የመዛወሩ ታሪክ

በ1903 ጆሴፊን በርተን የተባለች ነርስ በሰሜን ካሮላይና ክፍለ ግዛት፣ በክሬቨን አውራጃ ፍርድ ቤት ስሟን በመዝገብ አስጻፈች። በዚህም በአሜሪካ በሕግ የተመዘገበች የመጀመሪያዋ ነርስ ሆነች። መዝገቡን የያዘው የጤና መሥሪያ ቤት ሳይሆን የአውራጃው ፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር። በርተን በዚያ ቀን ያገኘችው «የተመዘገበች ነርስ» ተብላ የመጠራት መብት ሲሆን፣ መብቱም የሚጸናው በሰሜን ካሮላይና ውስጥ ብቻ ነው። ወሰኑን ተሻግራ ወደ ጎረቤት ክፍለ ግዛት ብትሄድ እውቀቷና ልምዷ አብረዋት ይሄዳሉ፤ ማዕረጓ ግን ወሰኑ ላይ ይቀራል። ይህ ሁኔታ ከመቶ ዓመት በላይ ብዙ ክርክርና ብዙ ሙከራ አስከትሏል፤ ዛሬም ሙሉ በሙሉ አላበቃም። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የነገሩ ሥር ሕገ መንግሥቱ ነው። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ለፌዴራሉ መንግሥት ያልሰጠውን ሥልጣን ለክፍለ ግዛቶችና ለሕዝቡ ይተዋል፤ የሕዝብን ጤናና ደኅንነት መጠበቅም በዋናነት የክፍለ ግዛቶች ድርሻ ሆኖ ኖሯል። ይህ ሥልጣን በፍርድ ቤት የተፈተነው አስቀድሞ በሐኪሞች ላይ ነው። ፍራንክ ዴንት የተባለ የዌስት ቨርጂንያ ሐኪም ክፍለ ግዛቱ በ1882 ባወጣው ሕግ መሠረት ፈቃድ ቢጠይቅ፣ የተማረበት ኮሌጅ በጤና ቦርዱ ዘንድ ተቀባይነት ስላላገኘ ተከለከለ፤ ያለ ፈቃድ ሲሠራም ተከሶ ተቀጣ። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1889 ክፍለ ግዛቱ አሸነፈ። ከዚያ በኋላ ማን ሕሙማንን ሊያክም እንደሚችል የመወሰን ሥልጣን የክፍለ ግዛቶች መሆኑ አላጠያየቀም። ነርሶች ከዐሥር ዓመት በኋላ ለሙያቸው ሕግ ሲጠይቁም አቤት የሚሉበት አንድ ምክር ቤት አልነበራቸውም፤ በየክፍለ ግዛቱ ዋና ከተማ በር ማንኳኳት ነበረባቸው።

በሌሎች አገሮች መንገዱ ከዚህ የተለየ ነበር። ኒው ዚላንድ በ1901 ለመላ አገሪቱ የሚያገለግል የነርሶች ምዝገባ ሕግ አወጣች፤ ኤለን ዶኸርቲም በ1902 በመዝገቡ የመጀመሪያዋ ሆነች። በብሪታንያ ጥያቄው በኤቴል ፌንዊክ መሪነት ለሠላሳ ዓመታት ያህል ሲያከራክር ከቆየ በኋላ በ1919 ሕግ ሆነ። ጥያቄውን አጥብቀው ከተቃወሙት አንዷ ፍሎረንስ ናይቲንጌል መሆናቸው ዛሬ ለሚሰማው ሰው ያስገርማል። ናይቲንጌል የጥሩ ነርስ ባሕርይ በፈተና ሊለካና በመዝገብ ሊጻፍ አይችልም የሚል እምነት ነበራቸው። ለማንኛውም በእንግሊዝና በዌልስ አንድ መዝገብ ተከፈተ። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደት ዘመናቸው ለንደን በሚገኘው በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ተምረው በ1939 የተመዘገቡ የሕፃናት ነርስ የሆኑት በዚህ ሥርዓት ነው።

አሜሪካ ውስጥ ግን መዝገቡ በክፍለ ግዛቶቹ ቁጥር ልክ በዛ። በ1903 ሰሜን ካሮላይና፣ ኒው ጀርሲ፣ ኒው ዮርክና ቨርጂንያ ተከታትለው ሕግ አወጡ። በኒው ዮርክ የነርሶች መጽሔት የመጀመሪያዋ አዘጋጅ ሶፊያ ፓልመር ለሕጉ ግንባር ቀደም ሆና ከተከራከረች በኋላ የመጀመሪያው የፈታኞች ቦርድ ሰብሳቢ ሆነች። እነዚህ ሴቶች ለሕግ አውጪዎች አቤቱታ ያቀርቡ በነበረበት ጊዜ የመምረጥ መብት እንኳ አልነበራቸውም፤ አሜሪካውያን ሴቶች በአገር አቀፍ ደረጃ የመምረጥ መብት ያገኙት በ1920 ነውና። እስከ 1923 ባለው ጊዜ በዚያን ዘመን የነበሩት 48 ክፍለ ግዛቶች በሙሉ የምዝገባ ሕግ አወጡ።

ይሁን እንጂ የእነዚህ ሕጎች አብዛኞቹ ጥበቃ ያደረጉት ለስሙ እንጂ ለሥራው አልነበረም። ያልተመዘገበች ሴት «የተመዘገበች ነርስ» ነኝ ካላለች በቀር በክፍያ በሽተኛ ብታስታምም የሚከለክላት አልነበረም። ሥራውንም ጭምር ለባለ ፈቃድ ብቻ ለመፍቀድ የመጀመሪያውን ሕግ በ1938 ያወጣችው ኒው ዮርክ ናት፤ እሱም ጦርነቱ በመምጣቱ በተግባር ሳይውል ለዓመታት ዘገየ።

ቀደምቶቹ ሕጎች ከሌላ ክፍለ ግዛት ለምትመጣ ነርስ ቀዳዳ አልነፈጓትም። በመጣችበት ቦታ የነበረው መመዘኛ ከእነሱ የማያንስ ከሆነ ያለ ፈተና ሊመዘግቧት ይችሉ ነበር። ችግሩ «የማያንስ» የሚለው ቃል ነው። አንዱ ክፍለ ግዛት የሦስት ዓመት ትምህርት ሲጠይቅ ሌላው በሁለት ዓመት ይረካ ነበር፤ አንዱ የሕፃናትንና የወሊድን ክፍል ልምምድ ግዴታ ሲያደርግ ሌላው ጉዳዩን ለሆስፒታሉ ይተው ነበር። በዚያ ዘመን የነርስ ትምህርት ቤት ማለት በአብዛኛው ተማሪዎቹን በርካሽ የሚያሠራ ሆስፒታል ማለት በመሆኑ፣ የአንዲት ነርስ ፈቃድ ሌላ ቦታ መጽናት አለመጽናቱን የሚወስነው ብዙውን ጊዜ የእርሷ ችሎታ ሳይሆን የተማረችበት ሆስፒታል አሠራር ነበር።

ከሁሉ የከፋው ደግሞ ገና ከመጀመሪያው መዝገብ የታገዱት ዕጣ ነው። ጆርጂያ በ1907 የምዝገባ ሕግ ካወጣች በኋላ ጥቁር ነርሶች ለፈተና እንዳይቀርቡ ተከለከሉ። አትላንታ ውስጥ በስፔልማን የተማረችውና ለጥቁር ተማሪዎች የነርስ ትምህርት ቤት ትመራ የነበረችው ሉዲ አንድሩስ ከ1909 ጀምሮ ለዐሥር ዓመታት ያህል በሕግ ተከራከረች። በክርክሩ መካከል ለእርሷ ብቻ ፈቃድ እንስጥሽ ቢሏት እንቢ አለች፤ ተማሪዎቿና የሙያ ጓደኞቿ በሙሉ ለፈተና የመቀመጥ መብት ካላገኙ የእርሷ መመዝገብ ምን ትርጉም አለው ብላ ነው። በ1920 መብቱ ተከበረ። የዚህን ክርክር ክብደት ለመረዳት የዝውውሩን አሠራር ማስታወስ ያስፈልጋል፤ ሌላ ክፍለ ግዛት ያለ ፈተና የሚቀበለው በአገሯ አስቀድማ የተመዘገበችን ነርስ ነበርና። በዚያን ጊዜ እጅግ ብዙ ጥቁሮች ከደቡብ ወደ ሰሜን ከተሞች እየፈለሱ ነበር። በጆርጂያ መዝገብ ላይ ያልሰፈረች ነርስ ቺካጎ ወይም ኒው ዮርክ ስትደርስ ከእጇ ሙያዋ እንጂ የምታሳየው ፈቃድ አይኖርም። የሙያ ማኅበሩም ቢሆን መጠጊያ አልሆናቸውም። የአሜሪካ ነርሶች ማኅበር አባል የሚኮነው በክፍለ ግዛት ማኅበር በኩል ሲሆን፣ የደቡብ ማኅበራት ለጥቁሮች የተዘጉ ነበሩ። በግል በቀጥታ አባል የመሆን መንገድ የተከፈተው በ1948 ነው።

የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነርስ አጥብቆ ስለጠየቀ ሥርዓቱን አናጋው። እስከዚያ ድረስ እያንዳንዱ ቦርድ የራሱን ፈተና ያወጣል፣ በራሱ ሰዎች ያርማል፤ ውጤቱም ይዘገይ ነበር። ጦር ሠራዊቱና የሲቪል ሆስፒታሎች ነርስ በሚሻሙበት ጊዜ ይህ የሚቻል አልነበረም። ስለዚህ በ1944 በነርስነት ትምህርት ብሔራዊ ሊግ አማካይነት ክፍለ ግዛቶች በጋራ የሚጠቀሙበት ፈተና ተጀመረ፤ በ1950 ሁሉም ገቡበት። ጥያቄው አንድ ሆነ፣ የሚታረመውም በአንድ ቦታ ነበር። የማለፊያውን ነጥብ ግን መጀመሪያ ላይ እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት ለራሱ ይወስን ነበር። በአንድ ቀን፣ ለአንድ ዓይነት ጥያቄ፣ አንድ ዓይነት መልስ የሰጡ ሁለት ነርሶች አንዷ እዚህ አልፋ ሌላዋ እዚያ ልትወድቅ ትችላለች ማለት ነው።

ፈተናው የጋራ ከሆነ በኋላ ፈቃዱ ለምን የጋራ አልሆነም? የእውቀት ልዩነት የሚለው ምክንያት ከ1950 በኋላ እየሳሳ ሄዷል። የቀረው የሥልጣን ጉዳይ ነበር። ፈቃድ የሰጠ ክፍል ብቻ ፈቃድ ሊነጥቅ ይችላል፤ ቦርዶችም በሕሙማኖቻቸው አጠገብ ቆማ የምትሠራን፣ ነገር ግን ሊቀጧት የማይችሉትን ነርስ መቀበል አልፈለጉም። የፈቃድ ክፍያ የቦርዶች መተዳደሪያ መሆኑም ሳይረሳ ነው። በመሆኑም ለዐርባና ሃምሳ ዓመታት የሠራው ዘዴ የፈቃድ ማረጋገጫ ዝውውር ነው። ነርሷ ለአዲሱ ክፍለ ግዛት ታመለክታለች፣ ትከፍላለች፤ የቀድሞው ቦርድ ፈተናውን ማለፏንና ያልተፈጸመ ቅጣት የሌለባት መሆኑን ጽፎ በቀጥታ ይልካል፤ አዲሱ ቦርድ አይቶ የራሱን ፈቃድ ይሰጣል። ወረቀቱ በፖስታ እስኪመላለስ ድረስ ነርሷ ሥራ ፈትታ ልትቀመጥ ትችላለች።

ከውጭ አገር ለመጣች ነርስ መንገዱ ከዚህም ይረዝም ነበር። በ1977 የውጭ አገር የነርስ ትምህርት ቤት ምሩቃንን ማስረጃ የሚመረምር ኮሚሽን ተቋቁሞ ብዙ ክፍለ ግዛቶች የእርሱን ምስክር ወረቀት መጠየቅ ጀመሩ። ከኢትዮጵያ የሄዱ ነርሶችም በዚሁ በር ገብተዋል። የትምህርት ማስረጃው ከተማሩበት ትምህርት ቤት በታሸገ ፖስታ በቀጥታ መላክ ሲኖርበት፣ በአብዮቱ ዘመን የሆስፒታሎቻችንና የትምህርት ተቋሞቻችን ስም መለወጡ ነገሩን ምን ያህል እንደሚያወሳስበው መገመት አያዳግትም። የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል የጦር ኃይሎች ሆስፒታል፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተብለዋልና። ወደ ሌላ ክፍለ ግዛት የሚዛወር ነርስ አዲሱ ቦርድ ማስረጃውን እንደገና ከጠየቀው ይህንኑ ከራስ መጀመር ይኖርበታል።

በ1978 የክፍለ ግዛት የነርሶች ቦርዶች ብሔራዊ ምክር ቤት ተመሠረተ፤ በ1982 ኤንክሌክስ የሚባለው አዲሱ ፈተና ተተካ፤ በ1994ም ወደ ኮምፒዩተር ተዛወረ። ውጤቱ በነጥብ መሆኑ ቀርቶ ማለፍ ወይም መውደቅ ብቻ ሆነ፤ የማለፊያው ደረጃም በመላ አገሪቱ አንድ ነው።

በወረቀት ዝውውር ውስጥ ተደብቆ የኖረውን ጉድለት በግልጽ ያሳየው ግን አሰቃቂ የወንጀል ጉዳይ ነው። ቻርልስ ከለን የተባለ ነርስ ከ1987 እስከ 2003 ባሉት 16 ዓመታት በኒው ጀርሲና በፔንሲልቬንያ በዘጠኝ ሆስፒታሎችና በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ሠርቷል። በእነዚህ ዓመታት በተለይ ዲጎክሲንና ኢንሱሊንን እየተጠቀመ ሕሙማንን ገደለ። በታኅሣሥ 2003 ከተያዘ በኋላ 29 ሰዎችን መግደሉን በፍርድ ቤት አመነ፤ በ2006ም የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት። ከአንድ ጊዜ በላይ ተጠርጥሮ ነበር፤ ከሥራም ተሰናብቶ ወይም ራሱ ለቆ ያውቃል። በ2002 በፔንሲልቬንያ አብረውት ይሠሩ የነበሩ ነርሶች ጥርጣሬያቸውን ለሕግ ክፍል እስከ ማቅረብ ደርሰው ነበር። እርሱ ግን በዚያው ዓመት ወሰኑን ተሻግሮ በኒው ጀርሲ እንደገና ተቀጠረ። የቀድሞ አሠሪዎች ክስ ፈርተው ስለ ለቀቀ ሠራተኛ የቅጥር ጊዜውን ብቻ እንጂ ሌላ ነገር አይናገሩም ነበር። ቦርዱ የሚያረጋግጠው በመዝገቡ ላይ የሰፈረውን ነው፤ በመዝገቡ ላይ ያልሰፈረውን ጥርጣሬ ማንም አላሻገረውም። ኒው ጀርሲ በ2005 ባወጣችው ሕግ የጤና ተቋማት ስለ ባለሙያዎቻቸው የብቃትና የሥነ ምግባር ጉድለት እንዲያሳውቁና ለሌላ አሠሪ ጥያቄም እውነቱን እንዲመልሱ አስገደደች። ከለን ሁለት የተለያዩ ፈቃዶችን ከሁለት ቦርዶች አውጥቶ ነበር፤ የሁለት ቦርድ መኖር በራሱ ማንንም አልጠበቀም።

ከለን ከመያዙ በፊትም ቢሆን ሥርዓቱን የመቀየር እንቅስቃሴ ተጀምሮ ነበር፤ ገፋፊው ግን ሌላ ነው። በ1990ዎቹ የጤና መድን ድርጅቶችና ሆስፒታሎች በስልክ ምክር የሚሰጡ ነርሶችን በብዛት ቀጠሩ። ዴንቨር የተቀመጠች ነርስ ዳላስ ላለ በሽተኛ በስልክ «አሁኑኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂድ» ብትለው ሥራው የተሠራው የት ነው? መልሱ በሽተኛው ባለበት የሚል ከሆነ፣ የስልክ ነርስ ደዋይ ሊኖርበት የሚችለውን ክፍለ ግዛት ሁሉ ፈቃድ መያዝ ይኖርባታል። የቦርዶቹ ምክር ቤት በ1997 እንደ መንጃ ፈቃድ ያለ የጋራ ዕውቅና ሐሳብ ተቀበለ። ሾፌር በሚኖርበት ክፍለ ግዛት በወጣ አንድ ፈቃድ አገሩን ሁሉ ይነዳል፤ በየደረሰበት ግን የዚያን አገር የትራፊክ ሕግ ይጠብቃል። የነርሶች የፈቃድ ስምምነትም እንዲሁ ነው። በ1998 ዩታ ሕጉን ለማውጣት ቀዳሚ ሆነች፤ ጥር 1 ቀን 2000 ስምምነቱ በሜሪላንድ፣ በቴክሳስ፣ በዩታና በዊስኮንሲን ሥራ ላይ ዋለ።

ተቃውሞው ቀላል አልነበረም። የነርሶች የሠራተኛ ማኅበራት አድማ በተመታ ቁጥር ከሌላ ክፍለ ግዛት ተተኪ ነርሶችን በአንድ ሌሊት ለማምጣት በር ይከፍታል ብለው ሠጉ። ሌሎች ደግሞ መመዘኛው ላላ ካለበት ክፍለ ግዛት የመጣ ሰው ጠንካራውን እንዲያልፍ ያደርጋል አሉ። ሁለተኛው ሥጋት መሠረት ነበረው፤ በመጀመሪያው ስምምነት የወንጀል ታሪክ ምርመራ በሁሉም ዘንድ ግዴታ አልነበረምና። በ2010 የምርመራ ጋዜጠኞች በአንዱ ክፍለ ግዛት የተቀጡ ነርሶች በሌላው እንደሚሠሩ አጋለጡ። ነገር ግን በዚያው ጊዜ የስምምነቱ አባል ያልሆነችው ካሊፎርኒያም መዝገቧን ከብሔራዊው መረጃ ጋር ብታስተያይ፣ በሌላ ቦታ ቅጣት የደረሰባቸው 3,500 ያህል ነርሶች የእርሷን ፈቃድ ይዘው ተገኙ። ለብቻ መቆም ከስምምነት የተሻለ ጥበቃ ይሰጣል የሚለው ክርክር ከዚህ በኋላ አቅሙ ደክሟል።

ስምምነቱ በ2015 ታርሞ በጥር 2018 አዲሱ ሥራ ላይ ዋለ። የጣት አሻራ ያለበት የፌዴራል ወንጀል ምርመራ ግዴታ ሆነ፤ በከባድ ወንጀል የተፈረደበት ሰው የብዙ ክፍለ ግዛት ፈቃድ አያገኝም፤ የውጭ አገር ምሩቃንም የማስረጃና የቋንቋ ችሎታ መመዘኛቸው አንድ ወጥ ሆነ። አዲሱ ስምምነት እንዲጸና የሚያስፈልገውን ሃያ ስድስተኛ ፊርማ በ2017 ያሟላችው፣ ከ114 ዓመት በፊት የመጀመሪያውን የምዝገባ ሕግ ያወጣችው ሰሜን ካሮላይና መሆኗ የታሪክ ግጥምጥሞሽ ነው። ኮቪድ በ2020 ኒው ዮርክን ሲመታ፣ የስምምነቱ አባል ያልሆነው የኒው ዮርክ መንግሥት ከየትኛውም ክፍለ ግዛት የመጡ ነርሶች እንዲሠሩ በአስቸኳይ ትእዛዝ ፈቀደ። ለመቶ ዓመት የማይነካ ይመስል የነበረው ወሰን በአንድ ፊርማ ተከፈተ፤ ትእዛዙ ሲያበቃም ተመልሶ ተዘጋ።

በጥር 2023 ደግሞ የፌዴራል መርማሪዎች በፍሎሪዳ ከነበሩ ሦስት ትምህርት ቤቶች ከ7,600 በላይ የሐሰት የነርስ ዲፕሎማዎች መሸጣቸውን ይፋ አደረጉ። ገዢዎቹ ዲፕሎማውን ይዘው ኤንክሌክስን ለመፈተን የበቁ ሲሆን፣ 2,400 ያህሉ ፈተናውን አልፈዋል። ብዙዎቹ ፈቃድ ያወጡት በኒው ዮርክ ነበር፤ ከዚያም በማረጋገጫ ዝውውር ወደ ሌሎች የሄዱ አሉ። ፈተናው ትክክለኛ ነው፣ ፈቃዱም ትክክለኛ ነው፤ በበሽተኛ አልጋ አጠገብ መቆም ይገባው የነበረው የልምምድ ጊዜ ግን አልነበረም። ቦርዶች የስም ዝርዝሩን ይዘው መዝገቦቻቸውን መፈተሽ የጀመሩት ከዚህ በኋላ ነው። የናይቲንጌል ተቃውሞ ከመቶ ዓመት በኋላ ባልጠበቀችው መንገድ ትዝ ያሰኛል፤ መርማሪዎቹም ዘመቻቸውን የሰየሙት በእርሷ ስም ነው።

በ2024 መጨረሻ ከዐርባ በላይ ክፍለ ግዛቶችና ግዛቶች ስምምነቱን ተቀብለው ነበር፤ ካሊፎርኒያና ኒው ዮርክ አልገቡበትም። ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩበት የዋሽንግተን አካባቢ የሁለቱን ሥርዓቶች ጎን ለጎን መቆም በአንድ ቀን ያሳያል። ሜሪላንድ ከመሥራቾቹ አንዷ ናት፤ ቨርጂንያም አባል ናት፤ በመካከላቸው ያለችው ዋና ከተማ ግን እስከዚያ ጊዜ አባል አልነበረችም። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር፣ መመዘኛውን አሟልቶ የስምምነቱን ፈቃድ የያዘ ነርስ በዚያው ፈቃድ አሌክሳንድሪያ ሄዶ ሊሠራ ይችላል። በመንገዱ ላይ በሚያልፍባት ዋሽንግተን ባለ ሆስፒታል ለመሥራት ግን ሌላ ማመልከቻ፣ ሌላ ክፍያና ሌላ ማረጋገጫ ያስፈልገዋል። ቤቱን ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ አሌክሳንድሪያ ቢለውጥ ደግሞ፣ ከጥር 2 ቀን 2024 ጀምሮ በጸናው ደንብ መሠረት በ60 ቀናት ውስጥ ለቨርጂንያ ቦርድ ማመልከት አለበት።